አርባኛዋ

ሳራንቲስ ያሉት ካህኑ፣ ሲጠመቅ በመጋቢት፣
ስለተወለደ ነው በአርባው ሰማዕታት ዕለት።
ትርጉሙም ያው አርባ ነው፤ በካሊምኖስ ደሴት
ስምን መልአክ ያወጣል፤ መልአክ ቆጠራ አይስት።

አባቱ ሰፍነግ ጠላቂ፣ ከጥልቁ ፈጥኖ ወጣ፤
ነፍሱን ይዞ መጣ፣ እግሩን ግን አላመጣ።
መስኮት ዳር ተቀምጦ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ባሕሩን ሲሰድብ ኖረ። ጎረቤቶች "ተው" ቢሉ፣
"ሚስቴ ናት፣ ምን አገባችሁ?" ይኸው ነበር ቃሉ።

ልጁ ነጭ ልብስ ለበሰ፣ የመኮንን ቆብ ደፋ፤
በጦርነቱ ዓመት፣ አገር በእሳት ሲጠፋ፣
መርከቡን በሌሊት አውጥቶ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣
እስክንድርያ ደረሰ፣ ጨው በቅንድቡ ተኝቶ።
ሌሎች ጠላት አሳደዱ፤ ለእሱ የተሰጠው ሥራ
ጠላት ዘርቶት የሄደውን ከውኃ በታች ያለ አዝመራ
ማጨድ ነበር፦ የብረት ኳስ፣ ቀንድ ያበቀለ፣
በሰንሰለቱ ላይ ቆሞ መርከብ የሚጠብቅ፣ ዝም ያለ።

እንዲህ ያለ ጀግንነት ለወሬ አይመችም፤
ፈረስ የለው፣ ሰልፍ የለው፣ ጥሩምባ አይነፋለትም።
ሽቦ ትጎትታለህ። ታዳምጣለህ። ትጠብቃለህ።
ትላንት ያለፍክበትን ዛሬም ታልፍበታለህ።
ሁለት ጊዜ መርከቡ ከሥሩ ተሰነጠቀ፤
ሁለቴም ከሁሉ ኋላ ዘለለ፤ "እየሳቀ"
ይላሉ። እኔ እንጃ። አጎቴ መቼ ሳቀ?

ሰላም ሆነ ተባለ፣ ደወል ሁሉ ተደወለ፤
ባሕሩ ግን አልፈረመ፤ ሄዶ የነገረው ማን አለ?
በቅድስት ፎቲኒ ወሽመጥ፣ ጠላት የተወው ካርታ
አርባ ነጥብ ነበረው፣ በቀይ ቀለም የተመታ።
ከሚያዝያ እስከ መስከረም ጠረገ። እኔ በልጅነቴ
ከገደሉ አፋፍ ላይ ስቆጥር በጣቴ፣
ውኃው እንደ ዛፍ ሲቆም፣ ዓሣ ሲዘንብ ከሰማይ፣
ሠላሳ ሰባት... ሠላሳ ስምንት... ሠላሳ ዘጠኝን ሳይ...

ከዚያ ወዲያ ጸጥታ።

አንድ ወር ሙሉ ፈለገ። ሽቦው ባዶውን ወጣ።
"ዝገት በልቷት ሰጥማለች" አሉ ከጽሕፈት ቤት፤
"አንድ ቁጥር ምንድን ናት? ፈርምና ዝጋበት።"
ፈረመ። "አርባ" ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ስሙን፣ ያንኑ አርባ፤
አቴና ጠርተው ኒሻን ሰኩለት፣ በወርቅ ክር፣ በአበባ።

ኒሻኑን እናቴ ደበቀችው ከመርፌዋ ቆርቆሮ ውስጥ፤
እሱ ግን ንጋት ንጋት፣ ጀልባ ይዞ ወደ ወሽመጥ።
ጡረታ ወጣ፣ እንዲያው። ጉልበቱ ከዳው፣ እንዲያው።
"አገኘሃት?" ያለው የለም፤ ፊቱን አይተን ነው የምናውቀው።

የሰማዕታቱን ታሪክ የነገረኝ እሱ ነው፦
በበረዶ ሐይቅ ላይ ራቁት የቆሙ አርባ ናቸው፤
አንዱ ብርዱ ጠንቶበት ወደ ሞቀው ቤት ሸሸ፤
በአንድ ሰው ጉድለት ብቻ አርባነታቸው ሟሸሸ።
ጠባቂያቸው ወታደር ግን ልብሱን ጥሎ ገባ፤
በማለዳ ሲቆጥሯቸው፣ ደግሞ ሆኑ አርባ።
ይህን ብሎ አጎቴ መቅዘፊያውን አስቀመጠ፤
ውኃውን አየ፣ አየ፣ እስኪጨልም ተመሰጠ።

በመጨረሻ ስሜን ረሳ፣ የእህቱንም ስም ረሳ፤
የወይራ ፍሬ እየበላ፣ ዘሩን ሲደረድር ለምሳ፣
ይቆጥራል፤ ከሠላሳ ዘጠኝ አልፎ ጣቱ አይነሳ።
የቀረችውን አንዲት ፍሬ ብገፋለት ወደሱ፣
እጄን ያዘ። "አትንካት!" አለ፣ እየተንቀጠቀጠ ራሱ።

ተቀበረ በመድፍ ተኩስ፣ ባንዲራ በሣጥኑ ላይ፤
አዲሱ ካርታ ወሽመጡን ነጭ አድርጎ ነው የሚያሳይ።
የአክስቴ ልጅ ቱሪስት ጭኖ ያልፍበታል በቀን አራቴ፤
"ና ውጣ፣ ዐሥር ደቂቃ ናት" ይለኛል፣ አዝኖ ለጉልበቴ።
እኔ በገደሉ ዳር፣ ሁለት ሰዓት፣ በእግሬ እሄዳለሁ፤
ቁልቁል እያየሁ።